የተገዛ ዝና፤ ስለ ግሸን ተራራና ስለ እንግዳ ሰው ስም

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንገልጸው የምንሞክረው ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ወደ አንድ ገበያ ወይም ወደ አንድ አገር አዲስ የመጣ ሰው ስሙ ቶሎ እንዲታወቅለት ብሎ አሞጋሽ በገዛ ጊዜ፥ ያ የገዛው ሙገሳ መልሶ ስሙን እንዴት እንደሚያበላሽበት ነው። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘነውም። ትውልዳችን አምባሰል ስለ ሆነ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል የሚሰበሰበውን ሕዝብና ከሕዝቡ ጋር የሚወጣውን ነጋዴ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። በኋላ ግን ስለዚያው ተራራ የተጻፉትን የቆዩ መጻሕፍት ስናገላብጥ፥ በግሸን ሥር ያየነው ነገር ከ400 ዓመት በፊት በራሱ በተራራው ስም ላይ ደርሶ እንደ ነበረ አስተዋልን። ስለዚህ ሁለቱን አጣምረን እናቀርባለን።

አዲስ የመጣውን ሰው «መጤ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል በዘመናችን ስድብ ስለ ሆነ «እንግዳ» ማለትን መርጠናል።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ግሸን ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በአምባሰል የምትገኝ ዙሪያዋ ገደል የሆነ አምባ ናት፤ አናቷም በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ መጥቶ በዚያ እንዳረፈ ይታመናል፤ ታሪኩም ጤፉት በሚባለው መጽሐፍ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች መንግሥት እንዳይሹ በጥበቃ የሚያኖሩባት አምባ ነበረች። ይህ ሥርዐት እስከ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ድረስ ጸንቶ ቈይቶ በዚያው ጦርነት ፈረሰ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። በእኛ አገር አንድ ነጋዴ ስም የሚያወጣው ቀስ ብሎ ነው። ከብት የሚሸጥ እንግዳ ሰው ከሆነ ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ዋሱን ነው፤ «ማን ያውቅሃል?» ይለዋል። የሚያውቀው ሰው ከሌለ በሬው ምንም ቢያምር ገንዘቡ ከኪስ አይወጣም። ዋስ የሆነው ሰው ደግሞ በከንቱ አይቆምም፤ በሬው የስርቆት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ማር ግን ዋስ የለውም። የማር ዋሱ ምላስ ነው፤ ቀምሶ የገዛ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ ይመጣል ወይም አይመጣም። ደንበኛ የሚባለው ይህ ተመልሶ የሚመጣው ሰው ነው። በዚህ ዐይነት ለአንድ ነጋዴ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳያልፍ ስም አይቆምለትም። ይህም መዘግየት ለወጣት ሰው እጅግ ያንገበግባል፤ ነገሩም የሚበላሸው በዚህ መንገብገብ ላይ ነው።

ሁለተኛ ደረጃን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ የነበረ አንድ ልጅ ነበረ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስላልቀናው ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ቤተሰቡ በቈላው በኩል ንብ ያረባሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባቱን ማር 30 ኪሎ ያህል በጀሪካን ሞልቶ፥ በአህያ ጭኖ፥ ለመስከረም በዓል ወደ ግሸን መንገድ ወጣ። ማሩ ቀይና ያልተነካካ ጥሩ ማር ነበረ፤ እኛም ቀምሰነዋል። ነገር ግን በመንገዱ ዳር ከዓመት ዓመት የሚቀመጡት የማር ሻጮች የታወቁ ናቸው፤ ተሳላሚው አልፎት ወደ እነርሱ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ኪሎ እንኳ አልሸጠም።

በማግሥቱ አንድ አሻሻጭ ሜጋፎን ይዞ መጣ። «ከምትሸጠው ሩቡን ለእኔ ስጠኝ፤ እስከ ማታ ጀሪካንህን ባዶ አደርግልሃለሁ» አለው። ይህ ሰው ብቻውን አልነበረም፤ ገዢ መስለው የሚሰለፉ አራት ልጆች አብረውት ነበሩ። እነርሱ ቀምሰው «ይህስ ልዩ ነው!» እያሉ ይገዛሉ፤ ከድንኳኑ ዞር ብለው ማሩን ይመልሳሉ። አሻሻጩም ማሩ ከአምባው ላይ ከመነኮሳት ቀፎ የተቈረጠ ነው፥ የጨጓራና የሳንባ በሽታ ይፈውሳል እያለ ይለፍፍ ጀመር። ጓደኛችን «እንዲህስ አትበል» ብሎት እንደ ነበረ ነግሮናል። አሻሻጩ ግን «አንተ ማርህን መዝን፤ አፉ የእኔ ነው» አለው። እኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አሰብን፤ ምክንያቱም የነገሩ ሥር ያለው በዚህች መልስ ውስጥ ነው። አፉ የአሻሻጩ ይሁን እንጂ ስሙ የባለማሩ ነበረ።

ጀሪካኑ እንደ ተባለው እስከ ማታ ባዶ ሆነ። ሌሊቱን ተኝቶ በማግሥቱ አህያውን ሊጭን ሲል፥ ያው አሻሻጭ ከመንገዱ ማዶ ለሌላ ሰው ይለፍፍ ነበር፤ ቃሉም ያው ነው፥ መነኮሳቱም እነዚያው፥ ገዢዎቹም እነዚያው አራት ልጆች። የዚያኛው ሰው ማር ግን በስኳር የተበጠበጠ ነበረ። ይህን ያወቁ ተሳላሚዎች ትናንት ከጓደኛችን የገዙትን ማር ይዘው መጡ። ቀምሶ መፍረድ ይቻል ነበር፤ ማሩ ደኅና ነውና። ነገር ግን ሰው አንድ ጊዜ ከተጠራጠረ በኋላ ምላሱም ይጠራጠራል። አንዲት እናት ቀምሰው፥ ዝም ብለው፥ እንደ ገና ቀምሰው «ልጄ፥ ማሩስ ማር ነው፤ ታዲያ ለምን ዋሸህ?» አሉት። ገንዘባቸውን መለሰላቸው። ለሌሎቹም መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ሰዎች «የሜጋፎኑ ልጅ» ብለው ጠሩት።

ይህን ታሪክ በዝርዝር የጻፍነው ጓደኛችን የሸጠው ዕቃ ንጹሕ ስለ ነበረ ነው። በማር ላይ ስኳር፥ በቅቤ ላይ ሙዝ፥ በበርበሬ ላይ የተፈጨ ጡብ መቀላቀሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የእነርሱ ስም መጥፋት ምርምር የሚያሻው ነገር አይደለም። ጥሩ ዕቃ የያዘ ሰው በተገዛ አፍ ምክንያት ለምን ይጠፋል? የሚለው ግን ይጠየቃል። አንደኛው ምክንያት ከላይ ታይቷል፤ አሻሻጭ አንድ አፍ ይዞ ለብዙ ሰው ስለሚያገለግል፥ የአንዱ ደንበኛው ጥፋት በሌላው ላይ ይላከካል። ከብት የሚዋሰው ሰው ይህን ፈርቶ ለሁሉም ዋስ አይሆንም፤ አሻሻጭ ግን የሚያጣው ነገር የለውም፤ በዓሉ ሲያልቅ ሜጋፎኑን ጠቅልሎ ወደ ሌላ በዓል ይሄዳል። ሌላው ምክንያት ሙገሳው ከዕቃው በላይ መሆኑ ነው። ጥሩ ማር ጥሩ ማር ነው ቢባል በቂ ነበር፤ መድኀኒት ነው ከተባለ በኋላ ግን ጥሩ ማርነቱ ጉድለት ሆኖ ይታያል። የቆዩት የማር ሻጮችም ነገሩን እንደ ንቀት ይቈጥሩታል፤ እነርሱ 20 ዓመት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያገኙትን ስም አንድ ልጅ በአንድ ቀን ኪራይ ሊወስድ መጣ ብለው ከዚያ በኋላ ቦታ እንኳ አይለቁለትም።

ሕጉ ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በተራራ መንገድ ላይ በዛፍ ሥር የሚለፍፈውን ሰው ማን ይዞ እንደሚያቀርበው ግን እኛ አላየንም። በከተማም ነገሩ መልኩን ቀይሮ ይገኛል፤ አንድ ወጣት በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ሥራውን ሊያስተዋውቅ ሲጀምር ተከታይ በሺህ ቈጥሮ የሚሸጥለት ሰው ያገኛል። ተከታዮቹ እንደ እነዚያ አራት ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ ማሩን መመለስ እንኳ የማያስፈልጋቸው መሆኑ ነው። አሥር ሺህ ተከታይ ኖሮት ሦስት ሰው ብቻ የሚያነጋግረው ሰው ምን እንዳደረገ የማይገባው ገዢ ዛሬ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንሂድ። እንደ እኛ አሳብ ከግሸን ተራራ የበለጠ ያለ ፈቃዱ የተሞገሰ ተራራ በኢትዮጵያ አይገኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በሊዝቦን ባሳተመው መጽሐፍ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበትን ተራራ አስታውሷል፤ የጻፈውም በአመዛኙ ያየውንና በቅርብ የሰማውን ነው። በ1610 ግን በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ኡሬታ ኢትዮጵያን በዐይኑ አላያትም። የነገረው ሰው ዡዋን ደ ባልታዛር የሚባል፥ የፈጠጋር ተወላጅ ነኝ፥ የቅዱስ እንጦንስ ሹመኛ ወታደር ነኝ ብሎ በአውሮፓ የተገኘ እንግዳ ሰው ነበረ። እንዲህ ያለ የፈረሰኞች ማኅበር በኢትዮጵያ ኖሮ አያውቅም። በዚህ ሰው አፍና በኡሬታ ብዕር ግሸን ሌላ አገር ሆነች። «አማራ» የሚል ስም ተሰጥቷት ከምድር ወገብ መካከል ተቀመጠች፤ እውነተኛዋ ግሸን ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ትገኛለች። በላይዋ ብዙ ቤተ መንግሥት፥ ዘለዓለም የማይጠወልግ የአትክልት ቦታ፥ ንግሥተ ሳባ የመሠረተችው የመጻሕፍት ቤት እንዳለ ተጻፈ። በመጻሕፍት ቤቱም የሄኖክና የሰሎሞን ጽሑፎች ሳይቀሩ እንደሚገኙ ተነገረ። በዚያውም ላይ በኢትዮጵያ ትልልቅ የዶሚኒካን ገዳማት እንዳሉ ታከለበት፤ የጸሐፊው ማኅበር የሚከብረው በዚህ ነበርና። እዚህ ላይ አንባቢ የአሻሻጩንና የባለማሩን ነገር ያስታውስ። ባልታዛር ስም ፈለገ፥ ኡሬታ ለማኅበሩ ክብር ፈለገ፤ ስሙ የሚወራለት ተራራ ግን ከሁለቱ ጋር ምንም ውል አልነበረውም።

ምላሽ የሰጠው ፔድሮ ፓኤዝ ነበረ። ይህ ኢየሱሳዊ ቄስ በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ አገሩንና ቋንቋውን ስላወቀ፥ የኡሬታን መጽሐፍ እንዲያርም ታዘዘ። ነገሩን ሽማግሌዎችን እየጠየቀ አንድ በአንድ መረመረ። በአምባው ላይ አብያተ ክርስቲያናትና የሣር ክዳን ያላቸው ትናንሽ ቤቶች እንጂ ቤተ መንግሥት እንደሌለ ጻፈ። እርግጥ ፓኤዝም የራሱ ጉዳይ ነበረው፤ የእርሱ ማኅበርና የኡሬታ ማኅበር ባላንጣዎች ነበሩና እርማቱን በደስታ ሳይጽፈው አልቀረም። ሆኖም ስለ ግሸን የጻፈው ከኡሬታ እጅግ የተሻለ ነው። ጽሕፈቱን ፈጽሞ በ1622 ሞተ። ሐሰቱ በዓመቱ ሲታተም፥ የእርሱ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የታተመው በ1905 እና በ1906 በሮም ነው፤ 283 ዓመት በእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሐሰቱ ብዙ አገር ዞረ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ ከኡሬታ ወስዶ በ1613 በመጽሐፉ አስገባው፤ ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ የተራራውን ስም ጠራ፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ ራሴላስ የጻፈው ልብ ወለድም ልዑሎች የሚጠበቁበትን የደስታ ሸለቆ መነሻ አደረገ። በትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ መምህራችን ይህን መጽሐፍ ባስነበቡን ጊዜ እኛ ከአምባሰል የመጣነው ልጆች «ይህ የእኛ ተራራ ነው» ብለን ደረታችንን ነፋን። ከጓደኞቻችን አንዱ ግን ግሸን ወጥቶ የሚያውቅ ስለ ነበረ «ታዲያ ቤተ መንግሥቱ የት አለ? ውኃ እንኳ በስንት መከራ ነው የሚገኘው» ብሎ ሲስቅብን አፈርን። የተዋስነውን ዝና ያን ቀን መለስን ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሐሰቱ ያስከተለው ጕዳት የእኛ ማፈር ብቻ አይደለም። ትልቁ ጕዳት በመጽሐፈ ሄኖክ ላይ ይታያል። መጽሐፈ ሄኖክ በግእዝ ሙሉ ሆኖ በኢትዮጵያ መኖሩ እውነት ነበረ፤ አውሮፓውያን ግን መጽሐፉ ጠፍቶባቸው ይፈልጉት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ፔይሬስክ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ «የሄኖክ መጽሐፍ ነው» የተባለ አንድ የግእዝ ብራና ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በምሥራቅ አገር ከነበሩ ሰዎች ገዛ። በ1683 ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ፓሪስ ሄዶ ብራናውን ባነበበ ጊዜ ሌላ ድርሰት ሆኖ አገኘው፤ የአባ በኃይለ ሚካኤል ምሥጢረ ሰማይ ወምድር ነበረ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሊቃውንት የኢትዮጵያ ሄኖክ የሚባለው ነገር ከወሬ አያልፍም ብለው ተስፋ ቈረጡ። እውነተኛው መጽሐፍ አውሮፓ የደረሰው ጄምስ ብሩስ በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ በተመለሰ ጊዜ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ የታተመውም በ1821 ነው። ሊቃውንት የነበረንን ነገር እንደሌለን አድርገው ለ90 ዓመት ያህል ተጠራጠሩ። «ማሩስ ማር ነው፤ ታዲያ ለምን ዋሸህ?» ያሉትን እናት እዚህም ሰማናቸው። ብሩስም ራሱ ያየውን ጽፎ የአገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አላመኑትም።

በዚያው ዘመን አውሮፓ ከገቡት የአገራችን ሰዎች መካከል የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ ብሎ በ1632 ሮም የደረሰው ጸጋ ክርስቶስ አለ። በጌቶች ቤት ተስተናግዶ በ1638 በፓሪስ አጠገብ ሞተ፤ እስከ ዛሬም ስሙ ከጥርጣሬ ጋር ይነሣል። ከእርሱ ይልቅ የምናቈይበት ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው በጥንቱ ቤተ ዐምሐራ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበረ። ሉዶልፍ በ1649 በሮም አገኘው፤ በ1652 ደግሞ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዞ ሄደ። እዚያ ስለ አገሩ ተራሮች፥ ስለ እንስሳቱ፥ ስለ ሕጉና ስለ ቋንቋው ሲጠየቅ መለሰ። ስለ ግሸን ተረት እየጨመረ ቢናገር የሚሰሙት ጌቶች ደስ ባላቸው ነበር፤ ኡሬታ አስቀድሞ ጆሯቸውን አልምዶታልና። እርሱ ግን የሚያውቀውን ተናገረ። በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በጎርጎርዮስ ቃል ላይ የቆመ ነው፤ በዚያው መጽሐፍ የኡሬታን ተረት አፍርሶታል፤ የጎርጎርዮስንም መልክ አስሥሎ አሳትሞለታል። ጀርመን አገር ሲገባ ከእርሱ የበለጠ እንግዳ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን በግእዝና በአማርኛ ጥናት ታሪክ ስሙ ያለ ጥርጣሬ የሚጠራ የመጀመሪያው ወሎዬ ምስክር እርሱ ነው ብንል አናጋንንም።

ስለ ጓደኛችን የጀመርነውን ሳንጨርስ መተው አይገባንም። «የሜጋፎኑ ልጅ» ከተባለ በኋላ አንድ ዓመት ወደ በዓሉ ሳይመጣ ቀረ፤ ማሩንም በርካሽ ለአንድ የውጫሌ ነጋዴ ሰጠ። ከዚያ በኋላ እናቱ ከቆዩት የማር ሻጮች አንዷን፥ በዕድሜ የገፉ የአገሩን ሴት፥ ሄደው ለመኑለት። እርሳቸውም ማሩን በእንጨት ማንኪያ ቀምሰው፥ ጥቂት አስበው፥ «ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ፤ አፉን ግን ይዝጋ» አሉ። መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁለት በዓል እንዲሁ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የእርሱን ማር ከእርሳቸው ማር ለይተው በሌላ ቅል አደረጉት፤ ለሚቀምሰው ሰው ሁለቱንም ያቀርባሉ፥ ስለ አንዱም ምንም አይናገሩም። በመጨረሻው ያየነው ጊዜ ከደሴ የመጡ ሁለት ሴቶች ከሁለቱም ቀምሰው «ይኸኛው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ እርሱ አመለከቱና ስሙን ከነአባቱ ጠሩት።